ከፍሬን መብራቱ የተነሳው ሽቦ

አቶ ዳምጠው ኃይሌ በእግራቸው ወደ ቀኝ ሲታጠፉ፣ ግቢያቸው ውስጥ የቆመችው መኪናቸው የቀኝ ፍሬቻዋን ታበራለች። ወደ ግራ ሲታጠፉ የግራውን ታበራለች። ይህ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ነው። በዚያው ቀትር አቶ ዳምጠው መቆም አቃታቸው።

መኪናዋ አመድማ ፔጆ አራት መቶ አራት ናት። አቶ ዳምጠው ታክሲ ሲሠሩባት ኖረው፣ እሳቸው ሥራ ሲያቆሙ እሷም አብራቸው አቁማለች። አሁን የምትንቀሳቀሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ አለዚያም ለቅሶ ሲኖር ነው። ችግሯ የቆየ ነበር። ፍሬቻዋ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ በሠራ ጊዜ ደግሞ የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ካስጠነቀቃቸው በኋላ አቶ ዳምጠው ሙህየዲን የተባለውን የመኪና ኤሌክትሪሻን አስጠሩ።

ሙህየዲን ሥራውን በፍጥነት በመጨረስ ይታወቃል። ከምሳ በኋላ የጫት በርጫ አለበት። ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሞ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተ አየ። ሁሉም ጥቁር ነበሩ። ባለፉት ዓመታት መኪናዋን የነኩ ሠራተኞች ያገኙትን ሽቦ ሲቀጥሉባት ኖረዋል፤ ያገኙት ደግሞ ሁልጊዜ ጥቁር ነበር። ቢሆንም ጥፋቱን አገኘው። ወደ ኋላ ፍሬቻ የሚሄደው ሽቦ መሃሉ ላይ ተበልቶ ተበጥሷል። መተኪያ የሚሆን ሽቦ በቦርሳው ውስጥ አልነበረም።

“ከፍሬን መብራቱ ላንሳው” አለ።

“ፍሬኑስ?” አሉ አቶ ዳምጠው።

“አቦ፣ ድሬ ውስጥ የፍሬን መብራት አይቶ የቆመ ሰው ታውቃለህ? የሚጠይቁህ ፍሬቻ ነው። ነገ ሌላ ሽቦ አመጣልሃለሁ።”

አቶ ዳምጠው ተስማሙ። ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው መቀጠል በመኪናዋ ዕድሜ ሙሉ ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። ሙህየዲን ሽቦውን ከፍሬን መብራቱ አንስቶ ለፍሬቻው ቀጠለው። ሁለት እጁ ስለተያዘ የማሳውን ጫፍ፣ ማለትም ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰረውን የመመለሻ ሽቦ፣ ለአቶ ዳምጠው አቀበላቸው። አቶ ዳምጠውም በአንድ እጃቸው ፒንሳ፣ በሌላው ባትሪ መብራት ይዘው ስለነበር ጫፉን በጥርሳቸው ነከሱት። ሽቦ በጥርስ መላጥና በጥርስ መያዝ የአገሩ ሠራተኞች ሁሉ ልማድ ነው። በዚህ መካከል ሙህየዲን የመኪናዋን ባትሪ አገናኘ።

“ጥርሴን ነዘረኝ” አሉ አቶ ዳምጠው፣ ሽቦውን ከአፋቸው አውጥተው።

“በጣም?”

“ትንሽ።”

“እንግዲያ ማሳው ጥሩ ነው” አለ ሙህየዲን፣ ሽቦውን ተቀብሎ ቦታው ላይ አሰረው።

የቀረው አንድ ፊውዝ ነበር። አቶ ዳምጠው ሱቆቹ ለቀትር ሙቀት ከመዘጋታቸው በፊት እገዛለሁ ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ከበሩ ወጥተው ወደ ቀኝ ታጠፉ። የመኪናዋ የቀኝ ፍሬቻ በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ።

“ሠራ!” አለ ሙህየዲን ከተጋደመበት። ከዚያም የፍሬቻውን ማንሻ ማንም እንዳልነካው ልብ አለ።

ቀኙ ከጠፋ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግራው በራ። የአቶ ዳምጠው ባለቤት ወይዘሮ ይርገዱ ምሳ ቀርቧል ሊሉ ብቅ ብለው ነበርና ቆመው አዩት።

“ዳምጠው ፋርማሲው ጋ ደረሰ” አሉ። “እዚያ ጋ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው።”

የሙህየዲን ስልክ ጮኸ። የደወለው ባጃጅ የሚነዳው ወንድሙ ረመዳን ነው።

“ወሪያ፣ ደንበኛህን ምን ነክቶታል? ፊውዝ የሚሸጠውን ሱቅ እያየው አለፈ።”

“ረስቶት ይሆናል።”

“የት ረሳ! ‘ፊውዝ፣ ፊውዝ’ እያለ ነው ያለፈው። ባለሱቁ ሮጦ እጁ ላይ አስቀመጠለት። ዘወር ብሎ አመሰገነው፤ እግሩ ግን አልቆመም።”

“ተከተለው። ስልኩን ስጠው።”

ረመዳን ባጃጁን ከአቶ ዳምጠው ጎን እያስኬደ ስልኩን አቀበላቸው። ወይዘሮ ይርገዱም የሙህየዲንን ስልክ ተቀበሉ።

“ምሳ ቀርቧል። ተመለስ።”

“መቆም አልቻልኩም።”

“ምን ሆነህ?”

“ምንም አልሆንኩም። እግሬ ደህና ነው። ይሄዳል።”

“ታዲያ ወደ ቤት ይሂዳ።”

“መታጠፍም ትቷል። ቅድም ሁለቴ ታጥፌ ነበር፤ አሁን ቀጥታ ብቻ ሆነ።”

መንገዱ ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አቶ ዳምጠው በአንዱ በኩል ገብተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ “እግዚአብሔር ያጥናችሁ” እያሉ በተደረደሩት ወንበሮች መሃል አልፈው በሌላው በኩል ወጡ። የሟች ዘመዶች አጸፋውን መለሱላቸው። አንዲት ሴትዮ ብቻ ያልተቀመጠ ሰው ለቅሶ ደረሰ አይባልም ብላ ተቀየመች።

ከድንኳኑ ወዲያ ያለው መንገድ ወደ መልካ ጀብዱ ያመራል። ከመልካ ጀብዱ በኋላ ያለው አሸዋና ግራር ነው። አቶ ዳምጠው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኪኒናቸውን የሚወስዱት ምሳ ሲበሉ ነው፤ ምሳው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ሙህየዲን የገባውን ተናገረ። “ማሳውን በጥርሱ ሲይዝ መስመሩ ውስጥ ገብቷል። የፍሬኑን ሽቦ ደግሞ ነቅያለሁ። ፍሬን የለውም ማለት ነው።”

“አንተ ነህ የነቀልከው?”

“እኔ ነኝ። ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር።”

“ነገ!” አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

ሙህየዲን ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። ሰውየው ሲታጠፍ መብራቱ ይበራል፤ መብራቱ ሲበራስ ሰውየው ይታጠፋል? ሙህየዲን እጁን አስገብቶ ማንሻውን ወደ ግራ ገፋው።

“ግራ ዞረ!” አለ ረመዳን፣ ስልኩን መልሶ ወስዶ። “ፀጉር ቤት ገባ።”

“ቆመ?”

“የት ይቆማል! በጓሮ በር ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣ ይዞ እየተከተለው ነው።”

ወይዘሮ ይርገዱ የሹፌሩን በር ከፍተው ገቡ። በትዳራቸው ዘመን በዚያ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም። አቶ ዳምጠው መኪናዋ በሰው እጅ ትበላሻለች ብለው ያምኑ ነበር።

“አንቺ ትነጂዋለሽ?” አለ ሙህየዲን።

“አርባ ዓመት ወደ ግራ ስለው ወደ ቀኝ ሲሄድ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ የት እንደሚሄድ አያለሁ።”

ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀመጠ። ረመዳን የመንገዱን ሁኔታ ይናገራል፤ ወይዘሮ ይርገዱ ማንሻውን ያንቀሳቅሳሉ። መጀመሪያ አስቸጋሪ ነበር። ድምፁ በስልክ ሲመጣ ትንሽ ስለሚዘገይ አቶ ዳምጠው መታጠፊያውን ካለፉ በኋላ ይታጠፉ ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ የአትክልት መደብ ላይ ወጥተው ወርደዋል፤ አንድ ግቢም ውስጥ ገብተው ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ሥር ጎንበስ ብለው አልፈዋል። ወይዘሮ ይርገዱ ብዙም ሳይቆዩ ቀድመው ማዞር ለመዱ። የባላቸውን አረማመድ ያውቁታል። ቁልቁለት ላይ ይፈጥናል፤ የሚያውቀው ሰው ሲያይ ይቀንሳል።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ከፍሬቻው ጋር አብሮ ብልጭ ድርግም ማለቱን አልተወም። ሙህየዲን ግን ሌላ ነገር አየ።

“መብራቱ ደክሟል” አለ።

“ባትሪው ነው?”

በቴስተር ለካው። “ባትሪው ሙሉ ነው።”

ወይዘሮ ይርገዱ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። “ረመዳን፣ ውኃ ስጠው። ሙዝም ካለህ ስጠው።”

ረመዳን ሁለቱንም ሰጣቸው። የዳሽቦርዱ መብራት ደመቀ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ባትሪው አልጠየቀም።

አቶ ዳምጠው ከዚራ ሲገቡ ፀሐዩ ገና ከባድ ነበር። የሰፈሩ ሱቆች ተዘግተዋል፤ መንገዱ ላይ ከውሾች በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። የከዚራ መንገዶች በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ሆነ። በየማዕዘኑ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ቀኝ። አቶ ዳምጠው የገዛ ቤታቸውን አጥር መዞር ጀመሩ። የግቢው በር ተከፍቶ ስለነበር ባለፉ ቁጥር ባልና ሚስቱ ይተያያሉ። በስልክ መነጋገር ይችሉ ነበር፤ አቶ ዳምጠው ግን በራቸው ላይ ቆመው፣ ማለትም እያለፉ፣ ሚስታቸውን በስልክ ማናገር ነውር ነው ብለው ስልኩን ከረመዳን አልቀበል አሉ። ስለዚህ ጨዋታው በየዙሩ አንድ ቃል ሆነ።

“መኪናዬን አትንኪ አላልኩም?” ብለው አለፉ።

ዞረው ሲመጡ ወይዘሮ ይርገዱ መለሱ። “ብትቆምልኝ እኮ አልነካም ነበር። ኪኒናህን ዋጥ!”

ሙህየዲን ከቤት ያወጣውን ኪኒና ረመዳን ከበሩ ላይ አቀበላቸው። በሚቀጥለው ዙር “ያለ ምግብ?” አሉ። በሚከተለው ዙር በእንጀራ የተጠቀለለ ቀይ ወጥ እጃቸው ገባ። እየሄዱ በሉ። ጎረቤቶች ከቀትር እንቅልፋቸው እየተነሡ በየበራቸው ወጡ። አንዱ ሽማግሌ “ዳምጠው፣ ስፖርት ጀመርክ እንዴ?” ሲል ጮኸ። አቶ ዳምጠው “ጀመርኩ” አሉት።

ሙህየዲን እስከዚያው ከቤቱ ራዲዮ ገመድ ቆርጦ ወደ ፍሬን መብራቱ ቀጠለውና ፔዳሉን ረገጠ። መብራቱ በራ። አቶ ዳምጠው ግን ሳይቆሙ በበሩ አለፉ።

“በዚህኛው አይሆንም” አለ። “እሱ ያለው በዚያኛው ሽቦ ውስጥ ነው። ከፍሬቻው ነቅዬ ወደ ፍሬኑ መመለስ አለብኝ።”

“መልሰዋ።”

“ስነቅለው ፍሬቻ አይኖረውም። እስክቀጥለው ድረስ የሚሄደው ቀጥታ ነው።”

ወይዘሮ ይርገዱ የቤታቸው መንገድ ቀጥታ የት እንደሚያደርስ ያውቃሉ። መጨረሻው የደቻቱ ወንዝ ግንብ ነው። ወንዙ በዚያ ወቅት ደረቅ ነበር። ከግንቡ አናት እስከ ድንጋዩ ድረስ ግን የሁለት ሰው ቁመት ይሆናል።

“ሌላም ነገር አለ” አለ ሙህየዲን። ዓይኑን ከእጁ ላይ አላነሣም። “ፍሬኑ ሲያዝ ምን እንደሚቆም አላውቅም። እግሩ ሊሆን ይችላል። ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል።”

“ምን ሌላ ነገር?”

ሙህየዲን ዳሽቦርዱን አየ። መብራቱ እንደገና መድከም ጀምሯል። ውኃ ተሰጣቸው፤ ሙዝ ተሰጣቸው፤ በዚህኛው ጊዜ አልደመቀም። አቶ ዳምጠው በበሩ ሲያልፉ ከንፈራቸው ነጭ ነበር።

“አቁሙኝ” ብለው አለፉ።

ወይዘሮ ይርገዱ ለመመለስ ዙሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረባቸው። ማንሻውን በየማዕዘኑ ገፉ። ባላቸው ከግራ በኩል ብቅ ሲሉ፣ “ፍሬኑ ሲያዝ ምን እንደሚቆም አይታወቅም አለኝ!” አሉ።

አቶ ዳምጠው ሰምተው አለፉ። አንድ ሙሉ ዙር ዞሩ። አቶ ዳምጠው ተመልሰው መጡ፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘውት ነበር።

“እሱንም አስቤዋለሁ” አሉ። “አቁሙኝ ብያለሁ።”

ወይዘሮ ይርገዱ ሌላ አንድ ዙር ብቻ አዞሯቸው። ባላቸው የመጨረሻውን ማዕዘን ታጥፈው በቤቱ መንገድ ላይ ቀጥ ሲሉ “ንቀል” አሉ። ሙህየዲን ነቀለ። ፍሬቻው ሞተ። አቶ ዳምጠው በበሩ ፊት አለፉ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ወደ ወንዙ ሄዱ።

ሙህየዲን ሽቦውን እየጎተተ ወደ መኪናዋ ኋላ ሮጠ። ጫፉ ናስትሮ፣ የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር፣ ተጠምጥሞበት ነበር፤ በጥርሱ ሊልጠው ወደ አፉ አስጠጋው፤ አሰበና በፒንሳ ላጠው። ይህ ጊዜ ወሰደ።

“ግንቡ ታየኝ” አለ ረመዳን በስልክ።

“ያዘው!” አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

“ወገቡን ይዣለሁ። እኔንም ይዞኝ እየሄደ ነው።”

“ርገጪ!” አለ ሙህየዲን ከኋላ።

ወይዘሮ ይርገዱ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጡ። ሁለት ቀይ መብራቶች በሩ። የዳሽቦርዱ መብራት ጠፋ።

“ረመዳን?”

“አለሁ።”

“ቆመ?”

“ቆሟል። አንድ እግሩ ግንቡ ላይ ነው፤ አንዱ አየር ላይ።”

“ይተነፍሳል?”

“ይተነፍሳል። ‘ጨመቅከኝ፣ ልቀቀኝ’ እያለ ነው።”

ወይዘሮ ይርገዱ እግራቸውን ከፔዳሉ አላነሱም።

አቶ ዳምጠው ራሳቸውን ማዞርና መናገር ይችላሉ፤ ከወገባቸው በታች ግን እንደ ቆሙ ናቸው። ሁለት መንገደኞች ረድተው ባጃጁ ላይ አጋደሟቸው። የተሰነዘረው እግራቸው አልታጠፍ ስላለ ወደ ውጭ ተተወ። በዚህ ሁኔታ ሲያልፉ ጎረቤቶቹ መንገድ ለቀቁ፤ ስለ ስፖርት የጠየቀው ሽማግሌ “አልበዛም?” አለ።

ግቢ ሲደርሱ የፔዳሉ ጉዳይ ተነሣ። ወይዘሮ ይርገዱ እግራቸውን ቢያነሱ አቶ ዳምጠው ይነሳሉ። ድንጋይ ይጫንበት የሚል ሐሳብ ቀረበ። ወይዘሮ ይርገዱ ባሌን በድንጋይ አላሲዝም አሉ። በመጨረሻ አቶ ዳምጠውን በሹፌሩ በር በኩል አስገቧቸው። ወይዘሮ ይርገዱ እግራቸውን ሳያነሱ ወደ ጎን ተጠጉ። ሙህየዲን የአቶ ዳምጠውን እግር አንስቶ በሚስታቸው እግር ላይ አስቀመጠው፤ የአቶ ዳምጠው ጉልበትም ያን ጊዜ ታጠፈ። ወይዘሮ ይርገዱ የራሳቸውን እግር ከሥር ቀስ ብለው አወጡ። ፔዳሉ አልተነሣም።

ሁሉም ትንሽ ጠበቁ።

“ቡና ቤቱ ጋ ወደ ግራ ስታዞሪኝ ዘግይተሻል” አሉ አቶ ዳምጠው። “መደብ ላይ አስወጣሽኝ።”

“ቲማቲም ረገጥክ?”

“አንድ።”

“ይኼኔ አንተ ብትነዳ ሁሉንም ትረግጠው ነበር” አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ምሳውን ሊያሞቁ ገቡ።

ሙህየዲን ባትሪውን ከቻርጀር ጋር አገናኘ፤ የፍሬን መብራቱ ሌሊቱን መብራት አለበት። ለፍሬቻው የሚደርስ ሽቦ ስላልተረፈ የተቆረጡትን ጫፎች በናስትሮ ጠቅልሎ ተዋቸው። በርጫው አልፎታል። ከረመዳን ጋር በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ይርገዱ ሳህኑን ይዘው ወጥተው ከባላቸው ጎን ገቡና በሩን ዘጉ። ሁለቱ መኪናዋ ውስጥ አብረው መብላት ጀመሩ።

ፀሐይ ጠለቀ። ከመኪናዋ ኋላ ያለው ነጭ የግቢ ግንብ በፍሬኑ ብርሃን ቀላ። በመብራቱና በግንቡ መካከል ማንም አልቆመም ነበር። ቢሆንም ግንቡ ላይ የአንድ ሰው ጥላ ነበር። እንደ አቶ ዳምጠው ኮፍያውን በእጁ ይዟል። በማይፈጥንና በማይዘገይ እርምጃ ከግንቡ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል።

“ታየዋለህ?” አለ ረመዳን።

“አያለሁ” አለ ሙህየዲን።

መኪናዋ ውስጥ አቶ ዳምጠው ውኃ እየጠጡ ነበር። ጥላው ከግንቡ ጫፍ ሲደርስ ሽቦ የሌለው የግራ ፍሬቻ በራ፣ ጠፋ። ጥላው ወደ ግራ ታጠፈ።